ክፍል ሁለት መሬት አለው

ኮዬ ፈጬ፣ ብሎክ አሥራ ዘጠኝ፣ ምድር ላይ ያለ ሱቅ፤
ሁለት ቴሌቪዥን፣ አራት ጆይስቲክ፣ አንዱ ግራው የሚጠብቅ፣
የጠጅ ቤት አግዳሚ፣ ጠርዙ የተበላ ምንጣፍ፣
«ተሸናፊ ይከፍላል» የሚል፣ በእኔው እጅ የተጻፈ ጽሑፍ።
ዕጣ ወጥቶልኝ አይደለም፤
ከባለ ዕጣው ተከራይቼ ነው፤ እሱን እስከ ዛሬ በዓይኔ አላየሁትም።

ክፍል አንድን ሁሉም ጨርሶታል፤
ወያላውም፣ ተማሪውም፣ የብሎኩ ዘበኛ ጭምር ጨርሶታል።
ሰማይ ብቻ ነበረ።
መርከቧ ትበራለች፣ ጣት ይተኩሳል፣ ጠላት እንደ አንበጣ እየዞረ።
ዝቅ ማለት የለም፤ አፈር ከነካህ ሞት፤
ፕላኔቱ ከታች እንደ ሥዕል ተዘርግቶ፣ ማንም የማይረግጠው መሬት።

ክፍል ሁለት በፍላሽ መጣ፣ ከመርካቶ፤
«ይኼኛው ይወርዳል» አለኝ ሻጩ፣ አፉን ወደ ጆሮዬ አስጠግቶ።
መውረዱን ማታ አየሁት።
ሦስት ማዕዘኗን ስትጫን መርከቧ እግር ታወጣለች፣ ደረጃ ይዘረጋል፣
ያ ፊቱን አይተን የማናውቀው አብራሪ ወጥቶ ይራመዳል።
ጫማው ድምፅ አለው።
ቀጭ። ቀጭ።
ጠጠር ላይ እንደሚሄድ ሰው ነው።

ልጆቹ አልወደዱትም።
«በእግር በእግርማ» አለ አቤኔዘር፣ «ትምህርት ቤትም እሄዳለሁ፤
ለዚህ ነው እንዴ የምከፍለው?» ብሎ ተነስቶ በረረ፣
ሜዳውን ከላይ እያነደደ፣ ነጥቡ ግማሽ ሆኖ ቀረ።

ምሥጋናው አመሻሽ ይመጣል፣ ሲሚንቶ በቅንድቡ፤
ፌሮ አሳሪ ነው፣ አሥራ ሁለተኛ ፎቅ ላይ የሚውል፣ ገመድ ታስሮ በወገቡ።
እሱ አይበርም። ገና ከመጀመሩ ያሳርፋል፤
«ቀኑን ሙሉ ሰማይ ላይ ነበርኩ፣ አሁን እግሬ ይረፍ» ይላል።
ከድንጋይ ኋላ ተንበርክኮ ከብረት ወታደሮች ጋር ይታኮሳል፣
ሲገደልም ፈገግ ብሎ፣
«ከላይ ከመውደቅ ይሻላል»።

ከዚያ ሌንጮ አለ።
የአንድ ሰዓት ሒሳብ አስቀድሞ ይከፍላል፤ አንድ ጥይት ግን ተኩሶ አያውቅም።
ሦስተኛዋ ፕላኔት ላይ ያርፋል፤ ቢጫ ሣር አላት፣ ነፋስ የሚያስተኛው፤
ጥግ ጥጉን ይዞ ይሄዳል፣ ይሄዳል፣ ጠላት ቢመጣም አይሸሸው።
«ምን ጠፍቶብህ ነው?» አልኩት።
«ወሰኑ።»
«የምን ወሰን?»
«የዚህ ሜዳ። የሠራው ሰው የት ላይ እንዳቆመው።»

አንድ ቀን አገኘው።
ሣሩ ወደ ፊት ይቀጥላል፣ አብራሪው ግን አያልፍም፤
እግሩ ይራመዳል፣ ይራመዳል፣ ባለበት፤ የሚከለክለው አይታይም።
ሌንጮ ሳቀ። ጆይስቲኩን አቀበለኝ።
ሊሾውን በጫማው ጫፍ መታ መታ አድርጎ ነገረኝ፦
«እዚህ፣ ቴሌቪዥኑ የቆመበት፣ ጤፍ ነበረ።
እዚያ፣ ደረጃው ጋ፣ ሽንብራ። አባቴ ወሰኑን በጨለማም ያገኘው ነበረ።»
ክፉ ቃል የለበትም፤ እንደ አድራሻ ነው የነገረኝ፤
እኔ ግን ለአፍታ እግሬን የት እንደማሳርፈው ጠፋኝ።

መብራት ሄደ።
«አየር ላይ ቀረሁ!» ብሎ ጮኸ አቤኔዘር፤ ሴቭ አላደረገም።
ወጣን። ኮዬ ከዳር እስከ ዳር ጨልማ፣
ኮከብ ነበረ፤ ረስተነው የከረምነው፣ ብዙ፣ የማይተኮስበት።
አንድ አውሮፕላን ወደ ቦሌ ሲወርድ እግሩን አወጣ፤
«ሦስት ማዕዘን ተጫነ» አለ ልጁ፤ ማንም አልሳቀም።

ሌንጮ ደህና እደሩ ብሎ ከብሎኮቹ ጀርባ ገባ፣
አስፋልት ባልደረሰበት በኩል።
ቀጭ። ቀጭ። ቀጭ።
ድምፁ እስኪጠፋ ቆሜ ሰማሁ።
ከዚያ በስልኬ መብራት ደብተሬን ገልጬ፣
እንዳይረሳ፣ ጻፍኩለት፦
ሌንጮ። ሃያ ደቂቃ ይቀረዋል።
መሬት ላይ።